እርሾ ላይ ያለው ስኳርና የደማችን ፕሮቲን

መርካቶ፣ እህል በረንዳ አጠገብ ባለ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ከበራችን ፈንጠር ብለው ጌሾና ብቅል የሚሸጡ እናቶች አሉ። ከአንዷ የጠላ ድፍድፍ ጠብታ ተቀብዬ በማይክሮስኮፕ ሳይ፣ «እስኪ የኔ ልጅ፣ ምን ይታይሻል?» ይሉኛል። የሚታየው እርሾ ነው፤ ሞላላ ሕዋሳት፣ አንዳንዶቹ ከጎናቸው ትንሽ እብጠት አውጥተው እየተባዙ። የማይታየው ግን ይበልጥ ያስደንቀኛል። የእርሾ የላይኛው ሽፋን ማኖስ በተባለ ስኳር የታጨቀ ነው፤ ደማችን ውስጥ ደግሞ ይህንኑ ማኖስ ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ይዞራል።

ስኳር እየለዩ የሚይዙ ፕሮቲኖች ሌክቲን ይባላሉ። ቀድመው የታወቁት የዕፅዋቱ ናቸው፤ በ1888 እ.ኤ.አ. ፒተር ሄርማን ሽቲልማርክ የጉሎ ፍሬ መርዝ ቀይ የደም ሕዋሳትን እንደሚያጣብቅ አሳየ። የእንስሳቱ ዘግይቶ ነው የተገለጠው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ጊልበርት አሽዌልና አናቶል ሞረል ከአንድ የደም ፕሮቲን ጫፍ ላይ ሳያሊክ አሲድ የተባለውን ስኳር አንስተው ፕሮቲኑን ለጥንቸል ወጉ። በደቂቃዎች ውስጥ ከደሟ ጠፍቶ ጉበቷ ውስጥ ተገኘ። ሳያሊክ አሲዱ ሲነሳ ከሥሩ ጋላክቶስ ይወጣል፤ የያዘውም የጉበት ሌክቲን ነበር።

ማኖስና ጋላክቶስ ሁለቱም 6 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጅንና 6 ኦክስጅን አላቸው። ታዲያ በምን ይለያሉ? በአቅጣጫ ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. ዊሊያም ዋይስ፣ ከርት ድሪካመርና ባልደረቦቻቸው ማኖስ ያዡን ፕሮቲን ከነስኳሩ በኤክስሬይ አጥንተው ቅርጹን አወጡ። ስኳሩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ካልሲየም ተቀምጧል። ማኖስ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንዶች ካልሲየሙ ላይ ልክክ ይላሉ። ጋላክቶስ ላይ ግን አንደኛው ጥንድ ዞሯል፤ ስለዚህ አይገጥምም።

ግሉኮስም ይገጥማል። ታዲያ ከሻይ ስኳር የምናገኘው ግሉኮስ ፕሮቲኑን ለምን ሥራ አያስፈታውም? ምክንያቱም አንድ መያዣ አንድ ስኳር ላይ ያለው ኃይል ደካማ ነው፤ ቶሎ ይለቀዋል። እዚህ መርካቶ አንድ ተሸካሚ የማይነቀንቀው ጭነት ሲተጋገዙት እንደሚነሳ ሁሉ፣ የፕሮቲኑም መያዣዎች ሦስት ሦስት ሆነው፣ ሦስቶቹም እንደገና ተሰባስበው ነው የሚሠሩት። በመካከላቸው ያለው ርቀት የተወሰነ ነው፤ በእርሾና በብዙ ባክቴሪያ ላይ ከተደረደረው ስኳር ጋር ይገናኛል። የእኛ ሕዋሳት ጫፍ ግን በአብዛኛው በሳያሊክ አሲድ የተሸፈነ በመሆኑ ይተዋቸዋል። የያዘውን ጀርም ሌሎች የደም ፕሮቲኖች ይበሱታል፤ አለዚያም ነጭ የደም ሕዋሳት ይውጡታል።

ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ መዋጥ ሁልጊዜ መሞት አይደለም። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ የሚኖረውና የሚራባው እዚያው የዋጠው ሕዋስ ውስጥ ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. ፒተር ጋሬድና ባልደረቦቹ ኢትዮጵያውያን የሥጋ ደዌ ታማሚዎችን ከደም ለጋሾች ጋር አነጻጽረው ጥናት አሳተሙ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ አዲስ አበባ፣ አለርት ግቢ ያለው የአርማወር ሀንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሞርተን ሃርቦ ነበሩ። ፕሮቲኑ በታማሚዎቹ ደም ውስጥ ከፍ ብሎ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ፕሮቲኑ ባክቴሪያውን ወደሚፈልገው ቤት ሳያስገባው አይቀርም የሚል ሐሳብ አቀረቡ።

በዘር ምክንያት ይህ ፕሮቲን የሚያንሳቸው ሰዎች አፍሪካ ውስጥም ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም ጤነኞች ሆነው ይኖራሉ። ጉድለቱ ይበልጥ የሚጎዳው ከእናታቸው ያገኙት መከላከያ ያለቀባቸውን፣ የራሳቸው ግን ገና ያልጠነከረላቸውን ጨቅላዎች ነው።