ስምንት ሲሊንደር ከአራት ሲቀል

የቆየ ስፖርት መኪና ይዞ ሞተሩን ለመቀየር የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «አዲሱ ሞተር ስንት ፈረስ ጉልበት አለው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም፣ በፊዚክስ ዓይን ሲታይ ተራው ሦስተኛ ወይም አራተኛ ላይ ነው። «ክብደቱ ምን ያህል ነው? የትስ ላይ ያርፋል?» የሚሉት ሊቀድሙት ይገባል። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን በእንግሊዝ አገር አቢንግደን ከተማ ይሠራ የነበረው ኤምጂቢ የተሰኘው መኪና ነው። በመሠረቱ አንድ በሆነ የመኪና አካል ላይ ሦስት ልዩ ልዩ ሞተሮች ተፈራርቀውበታል፤ በቤተ ሙከራ እንኳ ይህን የመሰለ ንጽጽር በቀላሉ አይገኝም።

ኤምጂቢ እ.ኤ.አ. በ1962 ለገበያ ሲቀርብ 1,798 ሲሲ የሆነ ባለአራት ሲሊንደር ሞተር ነበረው። ሞተሩ ከጊዛ ብረት የተሠራ ሲሆን፣ ጉልበቱ 95 ፈረስ ያህል ነበር። ገዢዎች የበለጠ ጉልበት ስለፈለጉ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1967 ባለስድስት ሲሊንደር የሆነ 2,912 ሲሲ ሞተር ገጠመለትና ኤምጂሲ ብሎ ሰየመው። ጉልበቱ ወደ 145 ፈረስ ስላደገ በወረቀት ላይ ሲታይ ትልቅ ድል ነው። ነገር ግን አዲሱ ሞተር ከቀድሞው በ95 ኪሎ ግራም ገደማ ይከብድ ነበር። ከቦታውም ጋር አልተስማማም፤ በኮፈኑ ላይ ጉብታ ማውጣት፣ የፊቱንም የሞላ አሠራር ጨርሶ መለወጥ ግድ ሆነ።

የ95 ኪሎውን ትርጉም በቀላል ስሌት እንመልከተው። በመኪናው የፊትና የኋላ አክስሎች መካከል ያለው ርቀት 2.31 ሜትር ነው። የተጨመረው ክብደት ከፊት አክስል 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ገባ ብሎ ተቀመጠ እንበል። በኋላው አክስል ዙሪያ ያሉትን ሞመንቶች ስናመዛዝን 95 በ2.11 ተባዝቶ ለ2.31 ይካፈላል፤ ውጤቱ 87 ኪሎ ያህል ነው። እንግዲህ ከጭማሪው 87ቱን የሚሸከሙት የፊት ጎማዎች ሲሆኑ፣ መኪናውን ለሚገፉት ለኋላዎቹ የደረሳቸው 8 ኪሎ ብቻ ነው። መሪው ይከብዳል፤ መኪናው በፍጥነት ወደ መታጠፊያ ሲገባ አፍንጫው ወደ ውጭ መግፋት ይቀናዋል። በዚህ ላይ ኢነርሺያ አለ። አንድ አካል ዙሪያውን ላለመዞር የሚያሳየው እምቢታ ከማዕከሉ ባለው ርቀት ካሬ መጠን ስለሚያድግ፣ ከመጠነ ቁስ ማዕከል አንድ ሜትር የራቀን ክብደት ወደ 80 ሳንቲ ሜትር ማስጠጋት ብቻ ድርሻውን በ36 በመቶ ይቀንሰዋል። ሞተርን ጥቂት ወደ ኋላ ለመግፋት ሲባል የሚከፈለው ድካም ሁሉ ምክንያቱ ይኸው ነው። የጊዜው የመኪና ጋዜጠኞች ኤምጂሲን አፍንጫ ከባድ ብለው ነቀፉት፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ምርቱ ቆመ።

መፍትሔው የመጣው ከፋብሪካው አልነበረም። ኬን ኮስቴሎ የተባለ እንግሊዛዊ ባለሙያ በ1970 አካባቢ በራሱ ጋራዥ የሮቨርን ባለስምንት ሲሊንደር ሞተር በኤምጂቢ ውስጥ መግጠም ጀመረ። 3,528 ሲሲ የሆነው ይህ ሞተር መነሻው አሜሪካዊው የቢዩክ ኩባንያ ሲሆን፣ ሞኖብሎኩም ቴስታታውም አሉሚኒየም ናቸው። የአሉሚኒየም እፍጋት የጊዛ ብረትን ሲሶ ይበልጥ ጥቂት ነው። በዚህም የተነሣ ስምንቱ ሲሊንደር ከአራቱ በ18 ኪሎ ግራም ገደማ ይቀል ነበር! ፋብሪካውም የኮስቴሎን ፈለግ ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1973 የራሱን አወጣ፤ ካርቡራተሮቹን ወደ ኋላ በማዞሩ ኮፈኑ ላይ ጉብታ አላስፈለገውም። ዕድል ግን አልቀናውም። ወራት ሳይቆዩ የነዳጅ ቀውስ ዓለምን አናወጠ፤ በአገራችን በየካቲት 1966 ዓ.ም. የታክሲ ነጂዎችን አድማ ያስነሣው የቤንዚን ዋጋ ንረት የዚያው ቀውስ አካል ነበር። እስከ 1976 እ.ኤ.አ. የተመረቱት 2,591 ብቻ ናቸው።

የጉልበቱ ነገርም ከዚህ በኋላ ይምጣ። የፋብሪካው ባለስምንት ሲሊንደር 137 ፈረስ ነበረው፤ ከኤምጂሲ ያንሳል። ነገር ግን በደቂቃ በ2,900 ዙር 262 ኒውተን ሜትር ቶርክ ይሰጣል። ቶርክን በማዕዘናዊ ፍጥነት ስናባዛ 80 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 107 ፈረስ ያህል እናገኛለን። አራቱ ሲሊንደር በ5,400 ዙር እየጮኸ ከሚደርስበት ጫፍ ይህኛው በግማሹ ዙር ያልፋል። ስለዚህ የዲፈረንሻሉ ጥርስ ንጽጽር ከ3.9 ወደ 3.07 እንዲወርድ ተደረገ። በመጨረሻው ማርሽ በእኩል ፍጥነት ሲነዳ የሞተሩ ዙር በ21 በመቶ ይቀንሳል፤ ይህም ሆኖ ለጎማው የሚደርሰው ከፍተኛ ቶርክ ከቀድሞው በ38 በመቶ ይበልጣል። ሞተር ቀይሮ ዲፈረንሻሉን እንዳለ መተው፣ በእኔ አስተያየት፣ ሥራውን ከግማሽ ማቆም ነው።

የተረፈው ሙቀት ነው። በግምት ከነዳጁ ኢነርጂ ሲሶው ወደ ሥራ ሲለወጥ፣ ለዚያ የተቃረበ መጠን ወደ ራዲያተሩ ይሄዳል። 100 ኪሎ ዋት የሚያመነጭ ሞተር ወደ 100 ኪሎ ዋት የሚጠጋ ሙቀት ማስወገጃ ይሻል፤ ሁለት የኤሌክትሪክ ማራገቢያዎች የተገጠሙለትም ለዚህ ነው። ፍሬኑም አይረሳ፦ ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት ከ166 ወደ 200 ኪሎ ሜትር ሲያድግ፣ የሚቆመው የእንቅስቃሴ ኢነርጂ በ45 በመቶ ያድጋል።

ይህ ሁሉ ቁጥር የባሕር ወለል ቁጥር ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ ተርቦ የሌለው 137 ፈረስ እዚህ ወደ 100 ይወርዳል። እዚህ ሞተር የሚመርጥ ሰው ባለተርቦውን ቢያስቀድም ያስኬዳል። አየር የማይተነፍሰው የኤሌክትሪክ ሞተር ከፍታው አይነካውም፤ ግን የመጀመሪያው ኒሳን ሊፍ 24 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዘው ባትሪ ወደ 300 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ የኤምጂሲን ጭማሪ ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ደግነቱ ባትሪ ተከፋፍሎ ከፊትና ከኋላ ሊቀመጥ ይችላል።

አሮጌው ሞተር ገና ሳይወርድ የሚሠራ አንድ ሥራ አለ፦ መኪናውን ወደ ጭነት መኪና ሚዛን ወስዶ መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹን ብቻ፣ ቀጥሎ የኋላዎቹን ማስመዘን። ከሚወጡት ሁለት ቁጥሮችና ከአክስሎቹ ርቀት የመጠነ ቁስ ማዕከሉ ከፊት ወደ ኋላ የት እንደሚያርፍ በአንድ መስመር ስሌት ይገኛል። የእጩዎቹ ሞተሮች ክብደት በዚያው ስሌት ውስጥ አንድ በአንድ ሊገባ ይችላል።