የኋላ ጎማ ሌላ መንገድ ይሄዳል

ቀይ መብራት ላይ አንድ የጭነት መኪና የቀኝ ፍሬቻውን አብርቶ ቆሟል። ብስክሌተኛዋ በቀኙ በኩል ክፍተት አግኝታ ሾልካ ከጋቢናው አጠገብ ቆመች። አረንጓዴ በራ። እሷ ቀጥታ፣ እሱ ወደ ቀኝ።

እሷ የምታየው የፊት ጎማውን ነው፤ ራቅ ብሎ ስለሚዞር ቦታው የሚበቃት ይመስላታል። የኋላው ጎማ ግን የፊተኛውን ዱካ አይከተልም። መሪው የሚያዞረው የፊቱን ስለሆነ፣ ኋለኛው እየተጎተተ ማዕዘኑን በውስጥ በኩል ይቆርጠዋል። ልኩን የፓይታጎረስ ቀመር ይነግረናል። በፊትና በኋላ ጎማው መካከል 6 ሜትር ያለው መኪና፣ የፊት ጎማው 10 ሜትር ሬዲየስ ባለው ክብ ላይ ሲዞር የኋላው በ8 ሜትር ላይ ይዞራል። ሁለት ሜትር ወደ ውስጥ፣ ልክ እሷ ወዳለችበት! ተሳቢ ካለውማ ይብሳል።

ሹፌሩስ? ጋቢናው ከፍ ያለ ስለሆነ በሩ ሥር ያለውን ሰው በመስኮት አያየውም። ስፖኪዮ ያሳየውም ቶሎ ያረጃል፦ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት በ2 ሰከንድ 11 ሜትር ይጓዛል፤ ቅድም ባዶ የነበረው ቀኝ አሁን ባዶ ላይሆን ይችላል። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ቀኙን የሚጠብቅ ረዳት ያለው ሹፌር ታድሏል። ያንን ረዳት እኔ ከካሜራ አላሳንሰውም።

ለንደን ከ12 ቶን በላይ የሆኑ የጭነት መኪኖችን፣ ሹፌሩ ከመቀመጫው በዓይኑ በሚያየው መጠን ከ0 እስከ 5 ኮከብ ትሰጣቸዋለች። ኔዘርላንድስ ደግሞ በብዙ መስቀለኛ መንገዶች የብስክሌቱን መሻገሪያ አንድ መኪና በሚያስቆም ርቀት ገፋ አድርጋዋለች፤ ሹፌሩ ታጥፎ ከጨረሰ በኋላ ብስክሌተኛውን በፊት መስታወቱ ያየዋል። ሕጓም ሸክሙን እኩል አያካፍልም። ጥፋቱ የብስክሌተኛው ቢሆን እንኳ፣ ሆን ብሎ ወይም ለዚያ በሚቀርብ ድፍረት ካላደረገው በቀር፣ አብዛኛውን ጊዜ የጉዳቱን ቢያንስ ግማሽ የሚከፍለው የባለመኪናው ወገን ነው፤ ከ14 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ደግሞ ሙሉውን። ቶኖችን የሚነዳ ሰው የበለጠ መጠየቁ ፍትሕ ነው እላለሁ። ካሳ ግን የተሰበረ አጥንት አይጠግንም፤ ስለዚህ ብስክሌተኛዋን እህቴ ብትሆን ኖሮ የምለምናት፣ ፍሬቻው በርቶ ካየች ያንን ክፍተት ትታ ከኋላ እንድትቆም ነው።

አዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መንገዶች ዘርግታለች። ደስ ይለኛል። ቀጥታው ላይ ያን ያህል አልሰጋም፤ ዓይኔ የሚሄደው መንገዱ ከመታጠፊያው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው።