የብልጽግና ወንጌል በኢትዮጵያ

የብልጽግና ወንጌል አማኝ በእምነቱ፣ በአንደበቱ ቃልና በስጦታው ሀብትንና ጤናን ከእግዚአብሔር ይቀበላል የሚል የክርስትና ትምህርት ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ ተስፋፋ። ከታወቁት ሰባኪዎቹ መካከል ኦራል ሮበርትስና ኬኔት ሄገን ይገኙበታል። ስያሜውን በአብዛኛው የሚጠቀሙበት ተቺዎቹ ናቸው።

አመጣጥ

የኢትዮጵያ ጴንጤቆስጤዎች የመጀመሪያ ዘመን የስደት እንጂ የሀብት አልነበረም። የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን በንጉሡ ዘመን ምዝገባ ተከለከለች፤ በደርግ ዘመን አባላቷ በየቤቱ ተደብቀው ያመልኩ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የአምልኮ ነፃነትና ነፃ ገበያ አብረው መጡ። የፕሮቴስታንቶች ድርሻ በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 10 በመቶ ያህል ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. 18.6 በመቶ ደረሰ። ሁሉም ይህን ትምህርት ይቀበላሉ ማለት ግን አይደለም።

ዘርና ስእለት

በአማራ ክልል በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ፕሮቴስታንቶች ከ1 በመቶ በታች ነበሩ። ስለዚህ ለቢቸናና ለሞጣ አንባቢ ትምህርቱን ከስእለት ጋር ማነጻጸር ይረዳል። ተሳዩ «ልመናዬ ከሰመረ ጃንጥላ ወይም ጧፍ አገባለሁ» ይላል፤ የሚሰጠውም ስእለቱ ከደረሰ በኋላ ነው። በብልጽግና ወንጌል ግን ገንዘቡ «ዘር» ተብሎ አስቀድሞ ይሰጣል። ምርቱ ካልመጣ የከሰረው ሰጪው ነው፤ ጉድለቱም የእምነቱ ማነስ ይባላል።

ሸማችነት

መኪና፣ ቤትና የውጭ ጉዞ ለምስክርነት ሲቀርቡ ዕቃው የበረከት ማረጋገጫ ይሆናል። ማስታወቂያ «ይህን ብትገዛ ሕይወትህ ይለወጣል» እንደሚለው ማለት ነው። በሌላ በኩል አንትሮፖሎጂስቷ ዴና ፍሪማን በጋሞ ደጋማ አካባቢ ባደረገችው ጥናት፣ አዳዲስ ጴንጤቆስጤዎች ከባህላዊ ድግስ ወጪ ተላቀው ትርፋቸውን ማጠራቀም መቻላቸውን ጽፋለች።

ፖለቲካ

ብልጽግና ፓርቲ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ መሪው ዐቢይ አሕመድ ጴንጤቆስጤ በመሆናቸው ስሙ ከትምህርቱ ጋር ተያይዞ አከራክሯል። የስም መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የፓርቲው አባላት የተለያየ እምነት አላቸው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11ም መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል። ዋናው ፖለቲካዊ ጥያቄ ድህነት ከምን ይመጣል የሚለው ነው። መንስኤው የእምነት ማነስ ከተባለ፣ ማዳበሪያ የተወደደበት ገበሬ ስለ ዋጋው ባለሥልጣንን ከመጠየቅ ይልቅ ራሱን ይወቅሳል።

ትችት

የሎዛን ንቅናቄ አፍሪካውያን የሥነ መለኮት ምሁራን በ2008 እና በ2009 እ.ኤ.አ. በጋና አክሮፖንግ ተሰብስበው፣ መንፈሳዊ ደኅንነት በቁሳዊ ሀብት ይለካል የሚለውን ሐሳብ አልተቀበሉም። የእግዚአብሔርን ተአምራዊ ኃይልና በትጋት ሠርቶ ማደግን ግን ደግፈዋል።