ግማሽ ኮፈን

መኪናው ከላቫጆ ወጥቶ ያበራል። አሁን እጃችሁን ስስ ፌስታል ውስጥ ክተቱና ኮፈኑን በጣት ጫፍ ዳበስ አድርጉት። ለባዶ እጅ ልሙጥ የነበረው ላሜራ ከፌስታሉ ሥር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ፌስታሉ ጣት ቀለሙን እንዳይይዘው ስለሚያደርግ የተሰካችው ቅንጣት ሁሉ ጎልታ ትታወቃለች። ከጎንደር ወደ መተማ ዮሐንስ ወርዶ ገና በታጠበ መኪና ላይ ይህን የሞከረ ሰው፣ የውሃና የሳሙና ጉልበት የት ላይ እንደሚያልቅ ወዲያው ይገባዋል።

ከቅንጣቶቹ ብዙዎቹ የመኪናው የራሱ ፍሬን ሥራ ናቸው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ያልፋል፤ መተማ ዮሐንስ 700 ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ከአዘዞ ተነስቶ በአይከልና በነጋዴ ባሕር አድርጎ ወደ ገንዳ ውሃ፣ ከዚያም በኮኪት በኩል ወደ ጋላባት ድንበር ይዘልቃል። በቁልቁለቱ የፍሬን ሸራና ዲስክ ሲፋጩ የሚበነው የብረት ብናኝ ግሎ ነው የሚረጨው። ቸርኬውና ፓራፋንጎው ላይ አርፎ ቀለሙ ውስጥ ይሰካል፤ እርጥበት ሲያገኝ ይዝጋል፤ በነጭ መኪና ላይ እንደ ቡና ዱቄት ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ለዚህ የተሠራ ፈሳሽ አለ። ሲረጩት መልክ የለውም፤ ብረት ሲያገኝ ወይን ጠጅ ሆኖ እንደ ደም ወደ ታች ይወርዳል። ሽታው ፀጉር ቤት ገብቶ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ከፐርም ኬሚካል ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። አዲስ ፈሳሽ ገዝቶ እውነተኛነቱን ለማየት ቀላሉ መንገድም ይኸው ነው። በቆሸሸ የፊት ቸርኬ ላይ ረጭቶ አምስት ደቂቃ መጠበቅ፣ ሳይደርቅ ማጠብ። ቀለሙን ካልለወጠ ወይ ቸርኬው ንጹሕ ነው፣ ወይ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ሌላ ነገር ነው።

ከፍሬኑ ቀጥሎ አፈሩ ይመጣል። የምዕራብ ጎንደር ቆላ ሰፊው ክፍል ዋልካ ነው። ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ላሜራ ላይ ደርቆም ይኸው ጠባዩ አይለቀውም፤ እየተኮማተረ ቀለሙን ጨምድዶ ይይዛል። ይህን በደረቅ ጨርቅ የሚያብስ ሰው ጭቃው ውስጥ ያለውን አሸዋ ይዞ ቀለሙን እየፋቀ ነው። የአሸዋው ኳርትዝ ከተራ ብረት ይጠነክራል፤ ለመኪና ቀለም ምን ያዝናል! ስለዚህ የትኛውም ብልቃጥ ከመከፈቱ በፊት ውሃ በብዛት ማፍሰስና ጭቃው በራሱ እስኪለቅ መታገሥ ይቀድማል። ውሃ በጀሪካን በሚገዛበት ሰፈር ይህ ምክር ከመናገር ይልቅ መፈጸሙ እንደሚከብድ አውቃለሁ።

ጥላውም አይታመንም። በ40 ዲግሪ ሙቀት መኪናውን ከዛፍ ሥር የማያቆም ማን አለ? ዛፉ ግን ሙጫውን ያንጠባጥባል፣ ወፉ ኩሱን ይጥላል። የወፍ ኩስ አሲድ አለው፤ በጋለ ቀለም ላይ ጥቂት ሰዓት ከዋለ ታጥቦ የማይጠፋ ቀለበት ይተዋል።

እንግዲህ ቀለም አጽጂ የሚባለው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ሳሙና ያቃተውን ለማንሳት። ከእሱ ጋር ከመተዋወቃችን በፊት ግን የምናጸዳው ነገር ምን ያህል ስስ እንደሆነ እንወቅ። ከፋብሪካ በወጣ መኪና ላይ ከላሜራው በላይ ያለው ሁሉ፣ ዝገት መከላከያው፣ መሠረቱ፣ ቀለሙና የላይኛው ግልጽ ቅብ አንድ ላይ ተደምሮ ባብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ ሁለት ፀጉር ተደራርቦ ማለት ነው። ቀቢዎች ክሊር የሚሉት ግልጽ ቅብ ከዚህ ውስጥ ድርሻው 40 ወይም 50 ማይክሮን ነው። ፀሐይን የሚመክተው እሱ ነው፤ በፖሊሽ ቁጥር የሚቀነሰውም እሱ ነው።

አጽጂዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን በማሟሟት ይሠራል፤ ሬንጅ፣ ሙጫና አሮጌ ሰም ያነሳል፣ ቀለሙን ግን አይፍቅም። ሁለተኛው ውስጡ የላመ መፋቂያ ዱቄት አለው፤ ቆሻሻውን ከቀለሙ ስስ ገጽ ጋር ይዞት ይወጣል። ብልቃጡ ላይ ሁለቱም «ክሊነር» ተብለው ሊጻፉ ይችላሉ፤ አንዳንዱም ሁለቱን ይቀላቅላል። ለመለየት ከስፖኪዮ ላይ የተንጠለጠለ አሮጌ ሲዲ ይበቃል። በሚያብለጨልጨው ፊቱ ላይ ጠብታ አድርጋችሁ በለስላሳ ጨርቅ አሥር ጊዜ አሽከርክሩት፤ ከዚያ ወደ ብርሃን አዙሩት። ጭረት ከተወ መፋቂያ አለበት። የመብራት መስታወት በጥርስ ሳሙና የሚያጠሩ ሰዎችም ሳያውቁት የሚጠቀሙት መፋቂያ ነው።

ሌላው ምስክር ነጭ ጨርቅ ነው። የድሮ መኪናዎች፣ ለምሳሌ ዕድሜ የጠገቡት ቶዮታ ዲኤክሶች፣ ብዙዎቹ ከላይ ክሊር የላቸውም፤ ቀለሙ ራሱ የመጨረሻው ገጽ ነው። ቀዩን ዲኤክስ በአጽጂ ስታሹት ጨርቁ ቀይ ቢሆን አትደንግጡ፤ ፀሐይ የገደለው የላይኛው ዱቄት እየተነሳ ነው። ክሊር ባለው መኪና ላይ ጨርቁ ቀለም ከያዘ ግን ወዲያው ማቆም ነው። ክሊሩ አልቋል፣ የሚመልሰውም ቀቢ ብቻ ነው። ይህ በእኛ አገር ቀላል ወጪ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ግብር ጫነ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከለከለ። እጅ ላይ ያለው መኪና ገና ብዙ ዓመት ይነዳል፤ ቀለሙም አብሮት መኖር አለበት።

አዲስ ዕቃ ሲሞከር የማይጣስ ሕግ አንድ ነው፤ ከተቀባው ጎን ያልተቀባ ይኑር። እኔ አንድ ጊዜ አዲስ ሰም አግኝቼ በደስታ ኮፈኑን በሙሉ ቀባሁት። ያየ ሁሉ «እንዴት አማረ!» አለ። ከምን ጋር አወዳድረው እንዳሉት እነሱም አያውቁም፣ እኔም አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ባትላሜራ ቤት መስታወት ለመሸፈን የሚለጥፉትን የወረቀት ፕላስተር ከኮፈኑ መሐል ቁልቁል እለጥፋለሁ። ግራው ይጸዳል፣ ቀኙ እንዳለ ይቀራል። ፕላስተሩ ሲነሳ መስመሩ ካልታየ አጽጂው ለዚያ ቀለም አልሠራም፤ ሻጩ የፈለገውን ይበል።

መስመሩ ታየ ማለት ደግሞ ሁሉ አለቀ ማለት አይደለም። ብዙ አጽጂዎች ዘይት አላቸው፤ ዘይቱ ጭረቱን ሞልቶ ያጠፋው ያስመስላል። እውነቱን ለማየት የጸዳውን ግማሽ በአልኮል ማበስ ያስፈልጋል። በኮሮና ጊዜ የለመድነው የእጅ ሳኒታይዘር ለዚህ አይሆንም፤ እጅ እንዳያደርቅ ግሊሰሪን ስለሚገባበት የራሱን ልባስ ይተዋል። ከፋርማሲ የሚገዛው ባለ 70 በመቶ ተራ አልኮል ይሻላል፤ እሱንም ቢሆን ቅርብ ጊዜ በተቀባ መኪና ላይ ከማዋል በፊት በር ውስጥ በማይታይ ጥግ መሞከር ነው። ከአልኮሉ በኋላ ጭረቱ ተመልሶ ከመጣ መጀመሪያም አልጠፋም ነበር።

የጸዳ ቀለም ራቁቱን ነው። የሚለብሰው ነገር ሦስት ዓይነት ነው፦ ሰም፣ ሲላንት የሚባለው ሰው ሠራሽ ልባስ፣ እና በቅርቡ ስሙ የገነነው ሴራሚክ። ለደጋ ሰው ልዩነቱ የዋጋና የምርጫ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በመተማ ቁርጡን የሚናገረው ቴርሞሜትር ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት አየሩ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር ላሜራ ደግሞ ከ70 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ነው። አገራችን ሰም ሞልቷታል፤ ከጠጅ ቤት ሰፈፍ ተነጥሮ ጧፍ ይሆናል። ይህን ሰም በተርፐንታይን አሟሙቶ መኪና መቀባት ለሚያምረው ሰው መልሴ አጭር ነው። ጎንደር ላይ ያበራል፣ ነጋዴ ባሕርን አልፎ ሲወርድ ይለሰልሳል፣ ገንዳ ውሃ ሲደርስ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ሰብስቦ ይገባል። የብራዚሉ የካርናውባ ዘንባባ ሰም ከ82 ዲግሪ በላይ ስለሚቀልጥ የተሻለ ይታገሣል፤ ገበያ ላይ ያለው ግን ለመቀባት እንዲመች ከለስላሳ ሰሞችና ከማሟሟቻ ጋር የተደባለቀ ነው። ሲላንት መሠረቱ ሲሊኮንና መሰል ፖሊመር ስለሆነ ሙቀቱ እንዲህ በቀላሉ አይረታውም። ሴራሚኩ ደርቆ እንደ ስስ መስታወት ስለሚጠነክር ከሁሉም ይቆያል፤ በቆላ ግን ሲቀባ ያስቸግራል። መመሪያው ሁለት ደቂቃ ጠብቀህ ጥረግ ካለ፣ በጋለ ላሜራ ላይ ሁለት ደቂቃው ሳይሞላ ተጋግሮ ዥጉርጉር ይሆናል፤ እሱን ለማንሳት መልሶ ፖሊሽ ማድረግ ነው። ስለዚህ ሥራው የሚሠራው ጎህ ሲቀድ ነው፣ የእጅ ጀርባ ላሜራው ላይ አርፎ ቅዝቃዜ በሚሰማው ሰዓት።

ስለ ሲሊኮን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቀቢዎች ይቀየሙኛል። ሲሊኮን ያለበት ላሜራ ሳይጠራ ከተቀባ አዲሱ ቀለም እየሸሸ ትናንሽ ጉድጓድ ይሠራል፤ የዓሣ ዓይን ይሉታል። መኪናችሁ ባትላሜራ ቤት ከገባ ምን እንደቀባችሁት ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ልባሱ መያዙን ሰው ሁሉ የሚፈትነው በውሃ ነው። ውሃው እንደ ዶቃ ክብ ክብ ካለ «ይዟል» ይባላል። ዶቃው የሚነግረን የላይኛው ገጽ ውሃን እንደሚገፋ ነው፤ ከዚያ በላይ አይናገርም። ደህና ልባስ አቧራ ሲሸፍነው ዶቃው ይጠፋል፤ ሲታጠብ ይመለሳል። በቆላ ደግሞ ዶቃው ራሱ ጠንቅ አለው። ውሃው ማዕድን ካለበት እያንዳንዷ ዶቃ በፀሐይ ትደርቅና ነጭ ቀለበቷን ትታ ትሄዳለች። የእኔ ምርጫ ውሃውን እንደ መጋረጃ ጠቅልሎ የሚያወርድ ልባስ ነው። ፎቶ ላይ አያምርም፤ መኪናውን ግን ቶሎ ያደርቀዋል።

ቁም ነገሩ ግን ዕድሜው ነው። ብልቃጡ «ስድስት ወር» ሲል በየትኛው ሳሙና፣ በየስንት ቀኑ እየታጠበ እንደሆነ አይናገርም። የእኛ ላቫጆ ብዙ ጊዜ የሚጠቀመው የልብስ ዱቄት ሳሙና ነው፤ ቅባት ለመቁረጥ የተሠራ አልካሊ ስለሆነ ሰሙንም እንደ ወጥ እድፍ ቆጥሮ ይቆርጠዋል። ለዚህ ነው የተቀባውን ግማሽ ኮፈን እንደገና ለሁለት የምከፍለው። አንዱ ሩብ በመኪና ሻምፑ፣ ሌላው ሩብ በዱቄት ሳሙና ይታጠባል፤ እጥበቱ በማስታወሻ ይቆጠራል። ወር ከመቁጠር እጥበት መቁጠር ይሻላል። ሳምንት ሁለቴ የሚታጠብ የኪራይ መኪናና በወር አንዴ የሚታጠብ የቤት መኪና አንድ ዓይነት ስድስት ወር የላቸውም።

ትልልቆቹ የቀለም ፋብሪካዎች ናሙናቸውን የሚያሰጡት በሁለት የአሜሪካ ግዛቶች ነው፦ ለእርጥብ ሙቀት ፍሎሪዳ፣ ለደረቅ ሙቀት አሪዞና። መተማ ሁለቱንም በአንድ ዓመት ውስጥ ታስተናግዳለች፤ የሚከፈላት ግን የለም። ሙከራዬን መጋቢት ላይ እንድጀምር የሚያደርገኝም ይህ ነው። መጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከድርቡሽ ጋር ተዋግተው እዚሁ ሲወድቁ ቆላው ጠራራ ላይ ነበር፤ ወሩ ዛሬም ያው ነው። ልባሱ ሦስት ወር ይጠበሳል። ከሰኔ ጀምሮ ዝናቡና የዋልካው ጭቃ ይረከቡታል። መስከረም ሲወጣ የሰሊጥ አጨዳ ይገባል፣ አይሱዙዎቹ በጆንያ ይሞላሉ፣ የእርሻው መንገድ መልሶ አቧራ ይሆናል።

ያን ጊዜ ፕላስተሩ ከተነሳ ሰባት ወር ሆኖታል፤ በዓይን ብቻ ግራና ቀኙን መለየት ይቸግራል። ኮፈኑን አጥቤ አንድ ጣሳ ውሃ ከላይ አፈሳለሁ። ባልተቀባው በኩል ውሃው ተንጣሎ ይቀራል። በሻምፑ በታጠበው ሩብ ተጠቅልሎ ይወርዳል። በዱቄት ሳሙና በታጠበው ሩብ ደግሞ ጥቂት ያንገራግርና እሱም እንደ ራቁቱ ላሜራ ይተኛል።