አሮጌ ኮምፒውተርዎን ከመጣልዎ በፊት

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የተሰኘ የደህንነት ክፍል ስለሚጠይቅ፣ ያለ እንከን ይሠሩ የነበሩ በርካታ ኮምፒውተሮች ከመስፈርቱ ውጭ ሆነዋል። የደህንነት ማሻሻያ በማያገኝ ኮምፒውተር የባንክ ሂሳብን መክፈት ወይም ገንዘብ መላክ ደግሞ ለአደጋ ያጋልጣል። ይሁን እንጂ ኮምፒውተሩን መጣል ብቸኛው መፍትሔ አይደለም።

ፊንላንዳዊው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 በጀመረው ሊነክስ ላይ ከተገነቡት ነጻ ስርዓተ ክወናዎች መካከል፣ አነስተኛ አቅም ላላቸው ኮምፒውተሮች የተዘጋጁ ይገኛሉ።

ምርጫው የሚጀምረው ከራም መጠን ነው። 4 ጊጋባይት ላለው ኮምፒውተር ሊነክስ ሚንት፣ በተለይም ኤክስኤፍሲኢ የተሰኘው እትሙ ተስማሚ ነው፤ ገጽታው ከዊንዶውስ ጋር ስለሚቀራረብ ለአዲስ ተጠቃሚ አያስቸግርም። 2 ጊጋባይት ላለው ሉቡንቱ፣ ከዚያ በታች ላለው አንቲኤክስ ወይም ፓፒ ሊነክስ ይመረጣል። የኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር 32 ቢት ከሆነ ግን የሚንትና የሉቡንቱ አዳዲስ እትሞች አይሠሩበትም፤ አንቲኤክስ 23 ለዚህ የሚሆን እትም አለው።

የስርዓቱ ቅለት ሁሉንም ችግር አይፈታም። ዛሬ ብዙ ራም የሚወስደው ድረ ገጽ መክፈቻው በመሆኑ፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ገጾችን መክፈት ኮምፒውተሩን ማዘግየቱ አይቀርም። የቆየውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መተካት ፍጥነቱን በእጅጉ ያሻሽላል። በሊነክስ የማይሠራ የቢሮ ወይም የሂሳብ ፕሮግራም ለሥራው የግድ የሚያስፈልገው ሰውም ከመቀየሩ በፊት ሊያስብበት ይገባል።

ወደ ተግባር ሲገባ ቀዳሚው ነገር ፎቶግራፎችንና ሰነዶችን በሌላ ዲስክ ማስቀመጥ ነው፤ ዲስኩ በሙሉ ለአዲሱ ስርዓት ከተሰጠ የነበረው ሁሉ ይጠፋልና። ቀጥሎም ስርዓቱን በፍላሽ ላይ አዘጋጅቶ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ማስነሳት ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ምንም ሳይጫን ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ማተሚያውና የአማርኛ መጻፊያው መሥራታቸውን ማረጋገጥ ይቻላል። አንዱ ካልሠራ ፍላሹን ነቅሎ ሌላ መሞከር ነው።

በዚህ መንገድ የታደሰ ኮምፒውተር ለቤት ሥራ፣ ለደብዳቤና ከቤተሰብ ጋር ለመገናኘት ገና ዓመታትን ሊያገለግል፣ አገር ቤት ላለ ተማሪም የመጀመሪያው ኮምፒውተር ሊሆን ይችላል።