ወፍ ለማየት ጓሮ ይበቃል

ማሽላ ሲያሽት በደቡብ ጎንደር፣ በእብናት ቆላማ ቀበሌዎች ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ እያጮኸ የሚውል ልጅ፣ ወፍን ከብዙ ሰው አስበልጦ ያውቃል። በመንጋ የምትወርደውን ብቻዋን አድብታ ከምትለቅመው ይለያል። ይህ ዕውቀት ግን ሲያገለግል የኖረው ለማባረር ነው። ወፍን ለደስታ ቁጭ ብሎ መመልከት በሌላው ዓለም ሚሊዮኖች የሚያዘወትሩት የትርፍ ጊዜ ሥራ ሆኗል። ከ860 በላይ የወፍ ዝርያዎች በተመዘገቡባት ኢትዮጵያ ደግሞ ለመጀመር ከግቢ መውጣት አያስፈልግም።

የመስቀል ወፍ ጥሩ ማሳያ ናት። ብዙ ሰው መስከረም ላይ ብቅ ብላ ወዲያው የምትጠፋ ይመስለዋል። በዚህ ስም ከሚጠሩት መካከል ጥቁር ከቀይ ወይም ከቢጫ ጋር የለበሱት ትንንሾቹ ወፎች ግን ርቀው አይሄዱም። ወንዱ ለመራቢያው ወቅት ደማቅ ላባ ያወጣል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ያንን አራግፎ እንደ ሴቷ ቡናማና ዥጉርጉር ይሆናል። በጥር አጠገባችን እህል ሲለቅም ድንቢጥ ነው ብለን እናልፈዋለን። አንድን ጓሮ ዓመቱን ሙሉ የተከታተለ ሰው ይህን ለውጥ በዓይኑ ያያል።

ወደ ደጋው ሲወጣ ወፉም ይለወጣል። 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ታቦር፣ እሬት ወይም ቆርች ያበበበትን ግቢ ጠዋት ጠዋት ማየት ነው። ምንቃሯ ቀጭንና ቆልማማ የሆነ፣ የአበባ ወለላ የምትቀስም ወፍ አለች፤ ሳይንሳዊ መጠሪያዋ ከተከዜ ወንዝ የተወሰደ ነው። ወንዱ ጥላ ውስጥ ጥቁር ይመስላል። ፀሐይ ስታገኘው ደረቱ ሐምራዊ፣ ራሱ የመዳብ ቀለም ያለው ሆኖ ያብረቀርቃል፤ ይህ የሚሆነው የላባው ረቂቅ አሠራር ብርሃኑን እየመለሰ ስለሚያፈካው ነው። በቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ የምትሰፍረው፣ ማጅራቷ ነጭ የሆነ ግራጫ እርግብም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አትገኝም። ይህን ስንት ሰው ያውቃል?

ደን ያለበት ደብር አጠገብ የሚኖር ሰው ዕድለኛ ነው። ብዙዎች በ«እመጓ» ደራሲነታቸው የሚያውቋቸው የደን ተመራማሪው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ ለዓመታት ያጠኑት እነዚህኑ የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ነው። ዙሪያው ታርሶ ባለቀበት አገር ለብዙ ወፎች የቀራቸው መጠለያ እነዚህ ደኖች ናቸው።

ለጀማሪ መነጽር የግድ አይደለም፤ ከተገኘ ስምንት እጥፍ የሚያቀርበው ይበቃል። ይልቅ ደብተር ይቅደም። የታየችውን ወፍ መጠን፣ የምንቃሯን ቅርጽ፣ የምትበላውን መጻፍ ነው፤ አጭርና ወፍራም ምንቃር ብዙውን ጊዜ ፍሬ በሊታነቷን ይናገራል። በበጋ ጥልቀት የሌለው ሳህን ውኃ ሞልቶ፣ ድመት ከማትደርስበት ማስቀመጥ ከምንም በላይ ወፍ ይጠራል። ጎጆ ግን አይነካም።

በ1998 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተጀመረው የጓሮ ወፎች ቆጠራ ዛሬ ዓለም አቀፍ ሆኖ በየዓመቱ በየካቲት ለአራት ቀናት ይካሄዳል። ለመሳተፍ 15 ደቂቃ ተመልክቶ ያዩትን በኢንተርኔት መመዝገብ ይበቃል። ከእብናትና ከደብረ ታቦር ግቢዎችም ዝርዝር ይላክ፤ ደብተርዎን ከአሁኑ ያዘጋጁ።