አምስት ሆነው ፈረሙ፣ የሠራው ግን አንዱ ነው

«በምህንድስና ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፡፡ ሰሞኑን ለቃለ መጠይቅ ተጠርቼ ነበር፡፡ ሰውዬው የመመረቂያ ፕሮጀክቴን አገላበጠና ‹ይሄ ፓምፕ ለማን ነው የተሠራው?› አለኝ፡፡ ዝም አልኩ፡፡ ‹እሺ፣ አንተስ ምኑን ሠራህ?› ሲለኝ ላብ አጠመቀኝ፡፡ አምስት ነበርን፡፡ እውነቱን ለመናገር የሠራው አንዱ ልጅ ነው፣ እኛ ለጥራዙ ገንዘብ አዋጣን፡፡ አሁን ዲላ እናቴ ቤት ቁጭ ብያለሁ፡፡ ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ወንድማችን፣ ቢያንስ አልዋሸህም! እንዳንተ ገንዘብ አዋጥቶ «በጋራ ሠራን» የሚል ስንቱ አለ መሰለህ?

ሰውዬው ግን ክፉ አልነበረም፡፡ ያንን ፓምፕ የሚጠብቀው ሰው አልነበረም፤ ባይሠራም የሚቆጣ የለም፡፡ ታዲያ አራት ልጅ ቢተኛ ማን ያውቃል? የሚጠብቅ ሰው ሲኖር ነገሩ ይለወጣል፡፡ አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሃርቪ ማድ የሚባል ኮሌጅ አለ፡፡ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ተማሪዎቹን በቡድን እየከፈለ ኩባንያ የሚያመጣውን እውነተኛ ችግር ያሠራቸዋል፡፡ ስሙንም «ክሊኒክ» ብለውታል፤ ሐኪም በሽተኛ እያየ እንደሚማረው ማለት ነው፡፡

እኛም አገር እኮ ለምህንድስና ተማሪ ከክፍል ወጥቶ የሚሠራበት የኢንተርንሺፕ ጊዜ አለው፡፡ ማኅተም ለማስመታት ብቻ የሚሄድበት ሞልቷል እንጂ!

ለጌዴኦ ልጅ ደግሞ በሽተኛው ደጁ ላይ ነው፡፡ ከዲላ እስከ ይርጋጨፌ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች አሉ፡፡ ቀን የተለቀመው እሸት ማታ ይመጣል፤ ሳያድር መፈልፈል አለበት፡፡ በዚያ ሰዓት ማሽኑ ቢቆም ቡናው ጥራቱን ያጣል፡፡ ዲስኩ በትክክል ካልተስተካከለ ፍሬውን ይሰብራል፡፡ ማጠቢያው ውኃ በብዛት ይፈልጋል፤ ከልጣጩና ከዝልግልጉ ጋር የሚወጣው ፍሳሽ ወንዝ ከገባ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፡፡ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ ወንዙ ሲበላሽ ግን መዝገቡ አያጸዳውም፡፡

ይህንን አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም፡፡ ማሽኑ የሜካኒካሉን ልጅ፣ ሞተሩ የኤሌክትሪካሉን፣ ፍሳሹ የውኃውን ልጅ ይጠራል፡፡ አንዱ ቢተኛ የሌላው ሥራ ይቆማል፣ ይታወቅበታልም፡፡

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ብዙዎች የሚሸወዱት እዚህ ላይ ነው፡፡ ጌዴኦ ውስጥ ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት ገደማ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ፣ ጥር ድረስ ነው፡፡ ፕሮጀክታችሁን በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት፣ የካቲት ላይ ጀምራችሁ ጣቢያውን ብታንኳኩ የሚከፍትላችሁ ዘበኛው ነው! ማሽኑ ጸጥ ብሏል፣ ገንዳው ደርቋል፡፡ ስለዚህ ችግሩን በአንደኛው መንፈቅ ሄዳችሁ እዩ፣ ለኩ፣ ጻፉ፤ ንድፉን በኋላ ሥሩ፡፡

ስትሄዱም ሥራ አስኪያጁን አነጋግራችሁ እንዳትመለሱ፡፡ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ጋሼ ጠይቁ፤ «ይሄን ብሎን በሌሊት ስንቴ አጠብቃለሁ መሰለህ» የሚለው እሱ ነው፡፡ ቡና አልጋ ላይ የሚያገላብጡትን እናቶችም አትለፉ፡፡ ማን ምን እንደሚሠራ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው በወረቀት ተከፋፈሉ፡፡ በየሳምንቱ የሠራችሁትን እያንዳንዳችሁ በየደብተራችሁ ጻፉ፤ ያልተሳካውንም ጭምር፡፡ ጓደኛ ሲሰንፍ «ይሉኝታ ይዞኝ» ማለት የለም፤ ቀድሞ ነው መናገር፡፡

ወደ አንተ ስንመለስ፣ ተመርቀሃል ማለት በሩ ተዘግቶብሃል ማለት አይደለም፡፡ ዲላ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስናና ቴክኖሎጂ ኮሌጅ አለው፤ ከተማሪዎቹ ሁለት ሦስቱን ተዋወቅ፡፡ ለቀማው ሳይጀመር፣ ማሽን በሚፈተሽበት ሰሞን፣ አንድ ጣቢያ አብራችሁ ሂዱና «እናግዛችሁ፣ እንይ» በሏቸው፡፡ መጀመሪያ ቁልፍ አቀባይ ትሆን ይሆናል፡፡ አቀብል! ያንን ምሽት ግን ደብተርህ ላይ ሳትጽፍ አትተኛ፡፡